ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ የሞተችው ልጅ

ልብስ ሰፊዋን በቅጡ አውቃታለሁ ብል ውሸት ይሆናል። ሁለት ሱሪ አሳጥራልኛለች፤ አንዱን ከልክ በላይ ቆርጣው ስታበቃ «ወንድሜ፣ ቁርጭምጭሚትህ ያምራል፣ ምን አስደበቀህ?» ብላ ስቃብኛለች። ከዚያ ያለፈ ቅርርብ የለንም። የቀረውን የሰማሁት ከልጇና አብረዋት ከሚሠሩት ሴቶች ነው። ያልሰማሁትን ደግሞ እንደመሰለኝ ሞልቼዋለሁ። የተሳሳትኩበት ካለ እሷ ብታርመኝ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ስለ ራሷ የተጻፈ ነገር ማንበብ ከተወች ቆይታለች።

አፏ አያርፍም። በምትሠራበት የስፌት ማዕከል አሥራ ሁለት ማሽን አለ፤ ሁሉም ባንዴ ሲሮጡ እንኳ የሷ ድምፅ ከላይ ይሰማል። ጨርቅ ሻጩ በሩቅ ሲያያት «መጣችልኝ ደግሞ!» ብሎ ጭንቅላቱን ይይዛል። አዲስ ሴት ስትቀጠር፣ ክር ማስገባት ከማስተማሯ በፊት የማን ባል እንደሚያንኮራፋ፣ የማን አማት ነገረኛ እንደሆነች ነግራት ትጨርሳለች። ታዲያ የዚህች ሴት ቅጽል ስም ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ዝምተኛዋ»።

ሰው ሁሉ ለፌዝ የወጣላት ይመስለዋል። ስሙ የመጣው ግን ከመጽሐፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ልብስ ሰፊዋ ከሰፈሯ ሰው ጋር ሸሽታ፣ ወንዝ ተሻግራ፣ መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ትኖር በነበረበት ጊዜ፣ ብርድ ልብስና ሳሙና የምታድል አንዲት ወጣት የእርዳታ ሠራተኛ ነበረች። ወጣቷ የሥራ ጊዜዋን ጨርሳ ወደ ቤቷ ስትመለስ ልብ ወለድ ጻፈች። በልብ ወለዱ ውስጥ ግራጫ ሻርፕ የተከናነበች ሴት አለች። ሴትየዋ አትናገርም። ቀኑን ሙሉ ወንዙ ዳር ተቀምጣ ውኃውን ታያለች፤ ውኃው ሴት ልጇን ወስዶባታል። አንባቢ ወደዳት፤ አለቀሰላት። መጽሐፉ ታትሞ ያልቃል፣ እንደገና ይታተማል። ጸሐፊዋም በየመድረኩ «ሴትየዋን አልፈጠርኳትም፣ በሕይወት አለች» ስትል፣ ሰው ፈልጎ አገኛት።

የስፌት ማዕከሉ የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው። ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ረጅም ክፍል ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ በአንድ ወገን ብቻ። በሩ ላይ ጎብኚ እግሩን የሚጠርግበት አዲስ ምንጣፍ አለ፤ ሴቶቹ የሚገቡት በጓሮ ነው። ማዕከሉ ትንፋሹ ጎብኚ ነው። ጎብኚ መጽሐፉን አንብቦ ይመጣል፣ ዕቃ ይገዛል፣ ሲመለስ ለሌላ ይናገራል፣ ከዚያ ለጋሽ ይገኛል። በዚህ ምክንያት የልብስ ሰፊዋ ማሽን መስኮቱ ሥር እንዲቀመጥ ተደረገ። የመጽሐፉ ሽፋን ላይ የተሳለችው ሴት ብርሃኑ ቀኝ ጉንጯ ላይ ነው የወደቀባት፤ ስለዚህ እሷም መስኮቱን በስተቀኝ አድርጋ ትቀመጣለች። ችግሩ፣ እንዲያ ስትቀመጥ የገዛ እጇ ጥላ መርፌው ላይ ያርፍባታል።

«ይቺን ማሽን ዞር ቢያደርጉልኝ ምናለ?» አለችው ሥራ አስኪያጁን ብዙ ጊዜ። «ዓይኔ እኮ ሊጠፋ ነው።»

«እትዬ፣ ሰው ሽፋኑን አይቶ ነው የሚመጣው። ትንሽ ይታገሱኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም። ቀጭን፣ ሁልጊዜ የቸኮለ፣ ሸሚዙ ከሱሪው የሚያመልጥ ሰው ነው። ጎብኚ ሲመጣ ግራጫውን ሻርፕ በሁለት እጁ ይዞ ይመጣና «ይልበሱልኝ» ይላታል። እሷ የምትወደው ቢጫ ነው። ቢጫውን አውልቃ መሳቢያ ውስጥ ትከታለች፣ ግራጫውን ትከናነባለች፣ አፏን ትዘጋለች። ጎብኚው ወጥቶ መኪናው ሲነሳ ሴቶቹ «ዝምተኛዋ፣ ተፈታሽ!» ይሏታል፤ ያን ጊዜ ያቋረጠችውን ወሬ ካቆመችበት ቃል ትቀጥላለች።

ማዕከሉ የሚሰፋው የትከሻ ቦርሳ ነው። ቦርሳው ላይ ሰማያዊ የውኃ ሞገድ ይጠለፋል፤ ሞገዱ ላይ አንዲት ትንሽ ቀይ ጫማ። በመጽሐፉ ሰባተኛ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ልጅቷ ስትሰምጥ ውኃው ላይ ተንሳፍፋ የምትቀረው ጫማ ናት። አንባቢን ሁሉ ያስለቀሰች ጫማ። ሴቶቹ ስንት ሺህ ጊዜ እንደጠለፏት እንጃ፤ አሁን ዓይናቸውን ጨፍነውም ይጠልፏታል።

ካውያው ጋ የምትቆመዋ ልጅ ቦርሳዎቹን እየተኮሰች ታጥፋለች። ሃያ ዓመቷ ነው። ከፊት ጥርሶቿ መካከል ክፍተት አለ፤ ክር የምትበጥሰው በመቀስ ሳይሆን በዚያ ክፍተት አስገብታ ነው። ልብስ ሰፊዋም እንደዚያው። ለጎብኚ ማን ናት ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የታወቀ ነው፤ የእህቷ ልጅ ናት።

የእህቷ ልጅ አይደለችም። ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ የሞተችው ልጅ እሷ ናት።

«እኔ እኮ ያኔ ጫማ አልነበረኝም» ትላለች ቦርሳ እያጠፈች። «ይቺን ጫማ ከየት አምጥተው እንዳደረጉልኝ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

«ሙት አትናገርም፣ ዝም ብለሽ ተኩሺ» ይሏታል ሴቶቹ።

«ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ገድላችሁኝ ስታበቁ ስምንተኛው ላይ ሻይ አፍዪ ትሉኛላችሁ። ይሄ ግፍ ነው።»

ይስቃሉ። እናቷም ትስቃለች። ነገር ግን ሳቁ እየቆየ መጎርበጥ ጀምሯል፤ ልጅቷ በሳቀች ቁጥር ካውያውን ጠንከር አድርጋ ነው የምታስቀምጠው።

እንዲህ ያለው ነገር እንዴት ይመጣል ለሚል ሰው፣ የመጣው ከጀልባ ሰልፍ ነው። ወንዙን ሲሻገሩ ጀልባው ጠባብ ነበር። እናቲቱን ገፍተው አስገቧት፣ የሰባት ዓመት ልጇ ከጎረቤት ጋር ዳር ላይ ቀረች። የሚቀጥለው ጀልባ ተገለበጠ። እናት ከወዲያ ማዶ ቆማ አየች። ልጇ እዚያ ውስጥ እንዳለች ምንም አልተጠራጠረችም። መጠለያው ሲደርሱ በተደረገላት የመጀመሪያ ቃለ መጠይቅ «ልጄን ወንዝ ወስዷታል» አለች፤ ተጻፈ። ወጣቷ የእርዳታ ሠራተኛ ያገኘቻት በዚያ ሰሞን ነው። እውነትም ያኔ አትናገርም ነበር፤ ምን ትናገር?

ልጅቷ ግን ጀልባው ላይ አልወጣችም። ውኃ ፈርታ ሮጣ፣ ሌላ ሰው ጋሪ ላይ ጭኖ በድልድይ አሻግሯት ኖሮ፣ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ከሌላ መጠለያ በጭነት መኪና መጣች። ፀጉሯ ተላጭቶ፣ የሰው ሸሚዝ ለብሳ። እናት ስታያት የያዘችውን የውኃ ጄሪካን ለቀቀችው፤ ውኃው ሁሉ ፈሰሰ፤ ሰልፈኛው ተቆጣ። ወጣቷ ሠራተኛ በዚያን ጊዜ ወደ አገሯ ሄዳ ነበር።

ያን ዕለት ሳይመሽ የመጠለያው ሰው ድንኳኗን ሞላው። ደስ ብሏቸው ነው የመጡት። ነገር ግን ሁሉም የሚያውቀው አንድ ሕግ ነበር፤ ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አይጥሰውም። አንዴ የሰጠኸውን ቃል አትለውጥም። በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ያልከውን በሁለተኛውም፣ በአሥረኛውም እንዳለ ትላለህ። ከእነሱ መካከል አንድ ፍየል ነጋዴ ነበር። መጀመሪያ «ሦስት ፍየል ተዘረፍኩ» አለ፣ ኋላ «አራት» አለ። አራተኛዋ ግልገል ሆና ረስቷት ነው። «ቃልህ ይጋጫል» ተባለ፤ ከመጠለያው የመውጫ ጉዳዩ ተዘጋ። እዚያው መጠለያ ውስጥ እንደተቀመጠ ቀረ።

«ስለ ፍየል ይህን ያህል ካደረጉ፣ ስለ ልጅ ምን ሊሉሽ ነው?» አላት ፍየል ነጋዴው ራሱ። «ሞተች ብለሽ አስጽፈሽ አለች ብትዪ፣ ውሸታም ነሽ፣ ውጪ ነው የሚሉሽ።»

«ታዲያ ልጄን ምን ልበላት?»

«እህት የለሽም?»

እህት ነበረቻት፤ ሞታለች። በማግስቱ ልጅቷ የሟች እህቷ ልጅ ተብላ ተመዘገበች። ለጊዜው ነበር። ጉዳያችን ካለቀ በኋላ እናስተካክለዋለን ብላ ነበር። ጉዳያቸው አልቆ ወደዚህ ከተማ ሲመጡ ግን መጽሐፉ ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ በሯን አንኳኩቶ፣ መጽሐፉን ከብብቱ አውጥቶ፣ «ይህቺ ሴት እርስዎ ነዎት?» አላት። ሰውነቷ የለመደውን መለሰ። ቃል አይለወጥም። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች። «ልጅዎስ?» «ወንዝ ወሰዳት።» ልጅቷ ያን ጊዜ መጋረጃው ወዲያ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ መጽሐፉን እስከ ሰባተኛው ምዕራፍ ድረስ አንብባዋለች። ከዚያ ዘጋችው። ስለ ጸሐፊዋ ክፉ አትናገርም። የሚገርማት አንድ ነገር ብቻ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የእርዳታ ሠራተኛዋ ጭቃ ውስጥ ቆማ፣ የራሷን ጫማ አውልቃ ለዝምተኛዋ ሴት ትሰጣለች፤ ገጹ ያምራል። በእውነቱ የሠራተኛዋን ቦት ጫማ ድንኳን ደጃፍ ላይ ሰው ሰርቆባት፣ ባዶ እግሯን ቆማ ስታለቅስ፣ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የሰጠቻት ልብስ ሰፊዋ ናት። ጠቧት ተረከዟ ወደ ኋላ ወጥቶ ነበር።

«የሰጠችኝን አልረሳችም» ትላለች፣ ይህን ስታወራ። «የሰጠኋት ነው የጠፋባት። ደግሞ ጭቃ ትላለች! ጭቃ የት አባቱ! አቧራ ነው የገደለን፣ አቧራና ሰልፍ። ለሽንት ቤት የምንሰለፈው ሰልፍ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይወጣው ነበር። አንድ መስመር እንኳ የለም። መጽሐፍ ውስጥ ያለ ስደተኛ አይሸናም መሰለኝ።»

እንዲህ እንዲህ እያለች ዓመታቱን ገፋች። ኋላ አንድ ማለዳ ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ሰብስቦ፣ ሸሚዙን እያስገባ፣ ጸሐፊዋ ራሷ ልትመጣ መሆኑን ተናገረ። ከለጋሾቹ ጋር ነው የምትመጣው። የመጋዘኑ ኪራይ የሚከፈልበት ድጋፍ ሊያልቅ ነው፤ ይቀጥል አይቀጥል የሚወሰነው በዚህ ጉብኝት ነው።

«ሁሉም እንደ ሁልጊዜው ይሁን» አለ። ልጅቷን ሳያያት። «እንደ ሁልጊዜው ብቻ።»

በዚያ ቀን፣ ሥራ አልቆ ሴቶቹ ሲወጡ፣ እናትና ልጅ የቀሩትን ቦርሳዎች ሊያጥፉ ኋላ ቀሩ። ቆርቆሮው የቀኑን ሙቀት እየለቀቀ ጧ ጧ ይላል።

«እማ» አለች ልጅቷ። «ባለ መጋረጃው ሰውዬ ድጋሚ ደወለ። ሥራውን ትፈልጊዋለሽ ወይ ነው የሚለው።»

ባለ መጋረጃው በሌላ ከተማ ሱቅ ያለው ሰው ነው።

«እዚህ ምን ጎደለሽና?»

«እዚህ ሞቻለሁ።»

«ኧረ አፍሽ ላይ ይቅር! ቀልድም ልክ አለው።»

«አልቀለድኩም።» ልጅቷ ቦርሳውን አስቀመጠች። «ሌላው ጎብኚ ይሁን፣ አያውቀኝም። እሷ ግን ናት የጻፈችው። እሷ ፊት የእህቴ ልጅ ናት ካልሽ፣ በቃ፣ አለቀ። ልጅሽ የምሆነው ቤት ውስጥ፣ ማታ ማታ ብቻ ይሆናል።»

«ልጄ፣ እሷ ፊት ልጄ ናት ብል ምን ይሆናል? ሰዎቹ ዋሽተሽናል አይሉም? ይሄ ሁሉ ሴት የት ይሂድ? ቁልፍ ሰፊዋ የት ትሂድ? በዚያ በተጣመመ ጣቷ ማን ይቀጥራታል?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ልጄ ናት በይ አላልኩሽም። የእህቴ ልጅ ናት አትበይ ነው ያልኩሽ።»

«ከሁለቱ ሌላ ምን ቃል አለ?»

«እኔ ምን አውቄ! ቀኑን ሙሉ የምታወሪው አንቺ ነሽ፣ ከዚያ ሁሉ ቃል አንድ አታጪም» አለች ልጅቷ፤ ፈገግ ልትል ፈልጋ ከንፈሯ እምቢ አለ። «ያቺን ቃል ካልሽ ግን ሻንጣዬ በር ሥር ነው።»

የጉብኝቱ ቀን ጠዋት ሻንጣው በእርግጥም ከጓሮው በር ጀርባ ተቀምጦ ነበር። ትንሽ ጥቁር ሻንጣ ነው፣ ዚፑ በቀይ ክር የተጠገነ። የጠገነችው እናቷ ናት። ሴቶቹ ሲገቡ አዩት፤ ማንም ምን እንደሆነ አልጠየቀም።

ቁልፍ ሰፊዋ ብቻ ወንበሯን እየጎተተች ልብስ ሰፊዋ አጠገብ መጣች። እሷ ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጥ፣ ጣቶቿ በቁርጥማት የተጣመሙ ሴት ናት፤ ቁልፍ ከመትከል ሌላ አትችልም፣ እሱንም በቀን ጥቂት።

«አንቺ ልጅ» አለቻት። «እኔ ምንም አልልሽም።»

«ባትይኝ ይሻላል፣ እትዬ።»

«ምንም አልልሽም አልኩ እኮ። ልጅ ልጅ ነው። እኔ ብሆን...» አሰበች። «እኔ ብሆን እንጃ። ብቻ፣ እኔን አስበሽ ምንም እንዳታደርጊ። እኔ የትም አልጠፋም።»

የትም እንደማትሄድ ሁለቱም ያውቃሉ። እንዲህ ያለ ደግነት ከልመና ይከፋል። ልብስ ሰፊዋ ክር ልታስገባ ሞከረች፤ ጥላዋ መርፌው ላይ ወድቆ ቀዳዳው አልታይ አላት። ግራጫው ሻርፕ አንገቷ ላይ ሞቃት። ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ ካውያው ዓይኗ ይሄድና ይመለሳል። የመጋዘኑ መስኮት ለእህል የተሠራ ስለሆነ የብረት ፍርግርግ አለው። በየቀኑ ሥሩ ስትቀመጥ ዓመታት ቢያልፉም፣ ፍርግርጉን ያየችው ያን ጠዋት ነው ማለት ይቻላል።

ጸሐፊዋ ስትገባ ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ አላወቀቻትም። ወጣቷ ወፍራለች፣ ፀጉሯ መሸበት ጀምሯል፣ መነጽር አድርጋለች። ከኋላዋ ሁለት የለጋሾቹ ሰዎችና አንድ ፎቶ አንሺ አሉ። ሥራ አስኪያጁ ከፊትም ከኋላም ነው። ጸሐፊዋ ልብስ ሰፊዋን እንዳየች እዚያው ቆመች፣ አፏን በእጇ ያዘች፣ ከዚያ መጥታ አቅፋት አለቀሰች። እውነተኛ እንባ ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ አንገቷ ላይ ሲወርድ ተሰማት።

«እህቴ» አለች ጸሐፊዋ። «አልተለወጥሽም። ያው ነሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ምላሷ ላይ የመጣው «አንቺ ግን ወፍረሻል፣ አማረብሽ» የሚል ነበር። ዋጠችው። በዓይኗ ግን የጸሐፊዋን እግር ፈለገች። ጥሩ የቆዳ ጫማ ነው።

«አሁንም... አሁንም ውኃው ይታይሻል?» አለች ጸሐፊዋ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ይህን ጥያቄ ጎብኚ ሁሉ ይጠይቃል። መልሱ ጭንቅላት መነቅነቅ ነው። ነቀነቀች። ፎቶ አንሺው አነሳ። የለጋሾቹ ሰዎች አንገታቸውን ደፉ።

ጸሐፊዋ መቀመጫ ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ቦርሳዎቹን አየች፣ የተጠለፈችውን ጫማ በጣቷ ዳሰሰች፣ ሴቶቹን አንድ በአንድ ጨበጠች። ክፍሉን ዞራ ካውያው ጋ ስትደርስ ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ቦርሳ ትተኩሳለች። ከቦርሳው ጥግ የተረፈ ክር ነበር። ልጅቷ እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ በጥርሷ ክፍተት አስገብታ በጠሰችው።

ጸሐፊዋ ቆመች። ልጅቷን አየች። ዞር ብላ መስኮቱ ሥር ያለችውን ሴት አየች። እንደገና ልጅቷን። መነጽሯን አወለቀች።

«ይህቺ ልጅ ማን ናት?»

አንዲት ሴት ማሽኗን ትረግጥ ነበር፤ እግሯ ቆመ። ከዚያ ሌላዋ።

«የእህታቸው ልጅ ናት» አለ ሥራ አስኪያጁ ፈጥኖ። «ወላጆቿን በስደት ያጣች። እሳቸው ናቸው ያሳደጓት። ጎበዝ ልጅ ናት። ወደዚህ በኩል ደግሞ መቁረጫው ጠረጴዛ...»

ጸሐፊዋ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ አልሄደችም። ወደ መስኮቱ ተመለሰች። ከልብስ ሰፊዋ ፊት ጎንበስ አለች።

«እውነት ነው እህቴ? የእህትሽ ልጅ ናት?»

አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅባት። አዎ። ያንን ቃል ደርዘን ቃለ መጠይቅ ላይ፣ ስንትና ስንት ጎብኚ ፊት ብላዋለች፤ ራሱ ይወጣል፣ ማሰብ አይጠይቅም። ጉሮሮዋ ጋ ደርሶ ነበር። በጸሐፊዋ ትከሻ ላይ አሻግራ ስታይ ልጇ ካውያውን እንደያዘች ቆማለች፤ ከካውያው ሥር የጨርቅ መቃጠል ይሸታል፤ ልጅቷ አላነሳችውም። ከራሷ ጎን ቁልፍ ሰፊዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ወለሉን ታያለች። አዎ ካለች ልጇ የለችም። አይደለም ካለች እነዚህ እጆች የሚቀመጡበት የለም።

«አልመልስም» አለች።

ራሷም ደነገጠች። እንዲህ ያለ መልስ መስጠት እንደሚቻል ያን ጊዜ ገና ነው ያወቀችው። መጠለያው ውስጥ አልመልስም የሚል ሰው አይታ አታውቅም።

«ምን አልሽኝ?»

«ይቺን አልመልስም። ሌላ ጠይቂኝ። ስለ ጫማ ጠይቂኝ ከፈለግሽ።»

ስለ ጫማ ያለችው ነጠላ ጫማውን ነበር። ጸሐፊዋ ግን ቦርሳው ላይ ያለችውን ቀይ ጫማ አየች፤ ዓይኗ እንደገና ሞላ። እጇን ይዛ ሳመቻት። «ገባኝ» አለች። «ይቅርታ አድርጊልኝ። መጠየቅ አልነበረብኝም።» ዞር ብላ ለለጋሾቹ ሰዎች «አያችሁ?» አለቻቸው በሹክሹክታ። «ዝምታዋ ይሄ ነው። ያኔም እንዲህ ነበረች።» ሰዎቹ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንደኛዋ መሐረብ አወጣች። ፎቶ አንሺው መስኮቱን በስተቀኝ አድርጎ አነሳት፤ ልክ እንደ ሽፋኑ።

ልብስ ሰፊዋ «አልገባሽም!» ልትል ተነስታ ነበር። ሥራ አስኪያጁን አየችው፤ በሴቶቹ ትከሻ መሐል ቆሞ፣ ላቡን እየጠረገ፣ በዓይኑ ይለምናታል። ተቀመጠች። በሕይወቷ አንዴ እምቢ ብትል፣ እምቢታዋም መጽሐፉ ውስጥ ገባ።

መኪናው ሲነሳ ማንም «ተፈታሽ» አላለም። ሥራ አስኪያጁ ከደጅ ተመልሶ «ይቀጥላል፣ ይቀጥላል አሉ» ብሎ አበሰረ፤ ሴቶቹ እልል ሊሉ ቃጥቷቸው ልጅቷን አይተው ተዉት። ቁልፍ ሰፊዋ ብቻ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በረጅሙ ተነፈሰች።

ልጅቷ የተቃጠለውን ቦርሳ ይዛ መጣች። ሞገዱ ላይ የካውያው ቅርጽ ቡናማ ሆኖ ታትሟል። ቀይዋ ጫማ ግማሿ ጠፍታለች። ቦርሳውን እናቷ ማሽን ላይ አስቀምጣ ጸሐፊዋ የተነሳችበት መቀመጫ ላይ ተቀመጠች።

«ቦርሳ አበላሸሁ» አለች።

«ይበላሽ» አለች እናቷ። «ጎበዝ ናት አሉሽ እንጂ፣ እጅሽ እንጨት ነው።»

«የማን ልጅ ሆኜ!»

ሁለቱም ሳቁ፤ ብዙም አልቆየ። እናትየዋ ግራጫውን ሻርፕ አውልቃ ጭኗ ላይ አደረገችው። ቢጫውን ከመሳቢያው አላወጣችም። ከጓሮው በር ጀርባ ሻንጣው እንዳለ ነው፤ ማንም አላነሳውም፣ ማንም አልፈታውም።

«የእህቴ ልጅ ናት አላልሽም» አለች ልጅቷ።

«አላልኩም።»

«ልጄ ናትም አላልሽም።»

«አላልኩም።»

ልጅቷ የተቃጠለችውን ጫማ በጥፍሯ ፋቀቻት። የተቃጠለው ክር እየተፈረፈረ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«እማ፣ የሚቀጥለው ጎብኚ ሲጠይቅሽስ?»

ልብስ ሰፊዋ ክሩን አነሳች። ጫፉን በምላሷ አረጠበችው፣ በጣቷ አሾለችው፣ ወደ መርፌው አስጠጋችው። የእጇ ጥላ ቀዳዳውን ሸፈነው። አንዴ ሳተች፣ ደገመች፣ ሳተች። ልጅቷ መልሱን ትጠብቃለች።

«እሱን አልመልስልሽም» አለቻት።